የልጅ ካልሲየም ከመግዛታችሁ በፊት ጠርሙሱን አዙሩት

በልጆች የካልሲየም ሽሮፕ ካርቶን ፊት ላይ የሚዘል ልጅ ወይም የነጭ አጥንት ሥዕል አይጠፋም። ለምርጫ የሚያስፈልገው ግን ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። ፋርማሲ ገብቶ «ለሁለት ዓመት ልጅ ጥሩ ካልሲየም» ብሎ ለጠየቀ ወላጅ ሁለት ሦስት ዓይነት ይቀርብለታል። አንዱ በ5 ሚሊ ሊትር 82 ሚሊግራም፣ ሌላው 250 ሚሊግራም ካልሲየም የያዘ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሶቹ በመጠን እኩል፣ በዋጋም ተቀራራቢ ሆነው የሚሰጡት ነገር በሦስት እጥፍ ይለያያል።

እዚህ የምንገመግመው የንግድ ስሞቹን ሳይሆን ዓይነቶቹን ነው። አስመጪው ሲለወጥ ስሙም አብሮ ይለወጣል፤ ዛሬ ጎረቤት ያመሰገነችው ጠርሙስ ከጥቂት ወራት በኋላ መደርደሪያው ላይ ላይገኝ ይችላል። የጨው ዓይነቱና ስሌቱ ግን አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያው ነው።

ቁጥሩ የሚነበበው እንዴት ነው?

ካልሲየም ብቻውን ጠርሙስ ውስጥ አይገባም፤ ሁልጊዜ ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ በጨው መልክ ነው የሚመጣው። ከጨው ክብደት ውስጥ እውነተኛው ካልሲየም ስንት እንደሆነ ደግሞ በጨው ዓይነቱ ይወሰናል። በካልሲየም ካርቦኔት 40 በመቶ፣ በትራይካልሲየም ፎስፌት 39 በመቶ ገደማ፣ በሲትሬት 21፣ በላክቴት 13፣ በግሉኮኔት 9 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ «ካልሲየም ግሉኮኔት 500 ሚሊግራም» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት መድኃኒት ለልጁ የሚሰጠው 45 ሚሊግራም ካልሲየም ነው። «ካልሲየም ካርቦኔት 625 ሚሊግራም» የሚለው ግን 250 ይሰጣል። በደህና የተጻፈ መግለጫ ሁለቱንም ቁጥር ያሳያል። የምትይዙት «ኤለመንታል ካልሲየም» ከሚለው ቃል ጎን ያለውን ነው። እሱም የጨው ስሙም ካልተጻፈ ስሌቱን መሥራት ስለማይቻል ጠርሙሱን ለባለሙያው መልሱለት።

ቀጥሎ ያ ቁጥር በስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ እዩ። ወደ አገራችን የሚገቡት ሽሮፖች ብዙውን ጊዜ በ5 ሚሊ ነው የሚጽፉት። ከአሜሪካ የሚመጡት ፈሳሾች ደግሞ በሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም በ15 ሚሊ መጻፍ ይቀናቸዋል። «250 ሚሊግራም» የሚል የአሜሪካ ጠርሙስና «250 ሚሊግራም» የሚል የህንድ ጠርሙስ እኩል የሚመስሉት መለኪያውን ሳያዩ ሲቀሩ ነው።

በመቶኛ የተጻፈውም ያሳስታል። በአሜሪካ መግለጫ ላይ 100 በመቶ ማለት ከ4 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው 1300 ሚሊግራም፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 700 ነው። በአውሮፓ ዕቃ ላይ 100 በመቶ የሚባለው 800 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ የትኛው አገር ዕቃ እንደሆነና ለየትኛው ዕድሜ እንደተጻፈ ሳታውቁ «20 በመቶ» ምንም አይነግራችሁም። ቫይታሚን ዲ በማይክሮግራም ከተጻፈ በ40 አባዙት፤ 10 ማይክሮግራም 400 አይዩ (IU የሚባለው የቫይታሚን መለኪያ) ነው።

ዓይነቶቹ አንድ በአንድ

ካርቦኔት። ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ቆይቶ የሚዘቅጥ ሽሮፕ ነው። በትንሽ መጠን ብዙ ካልሲየም ስለሚሰጥ ትንሽ ማንኪያ ለሚበቃው ልጅ ይመቻል፤ በዋጋ ስናሰላውም ብዙ ጊዜ የሚረክሰው እሱ ነው። ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ መሰጠት አለበት፤ በባዶ ሆድ የተሰጠው ብዙው ሳይገባ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ሆድ ያደርቃል፣ ይነፋል። ቀድሞውንም በሦስት ቀን አንዴ ለሚቀመጥ ልጅ ይህን መምረጥ ችግር መግዛት ነው። ምግቡን በደህና ለሚበላ፣ ሆዱም ለማይደርቅ ልጅ ግን ከሌሎቹ በፊት እሱን እንመርጣለን።

ፎስፌት ከቫይታሚን ዲና ከቢ12 ጋር። ይህ በወላጆች ዘንድ በጣም የተለመደው «የልጆች ካልሲየም» ነው፤ ጣዕሙም ይወደዳል። በአንድ ማንኪያ የሚገኘው ካልሲየም ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 በታች ነው። በ5 ሚሊ 82 ሚሊግራም ካልሲየምና 200 አይዩ ቫይታሚን ዲ ያለውን እንውሰድ። 250 ሚሊግራም አካባቢ ለማድረስ በቀን ሦስት ጊዜ 5 ሚሊ ያስፈልጋል፣ ቫይታሚን ዲውም 600 አይዩ ይሆናል። መጠኑ ለሁለት ዓመት ልጅ ተገቢ ነው። ችግሩ 100 ሚሊ ጠርሙስ ሳምንት አለመድረሱ ነው። በ5 ሚሊ 250 የሚሰጠው የካርቦኔት ጠርሙስ በቀን አንድ ጊዜ ሲሰጥ 20 ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ የጠርሙሱን ሳይሆን የ100 ሚሊግራም ካልሲየሙን ዋጋ አውጡ። ጠርሙሱ ውስጥ ስንት 5 ሚሊ እንዳለ ቁጠሩ፣ በኤለመንታል ቁጥሩ አባዙት፣ ዋጋውን ለውጤቱ አካፍሉና በ100 አባዙ። በጠርሙስ ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ በዚህ ስሌት ይወደዳል።

ጥርት ያለው ሽሮፕ። ግሉቢዮኔትና ላክቶቢዮኔት ከሚባሉ ጨዎች የተሠራ ነው። በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ ካልሲየም ሳንዶዝ በሚል ስም የሚታወቀው ሽሮፕ የዚህ ዓይነት ሲሆን በ5 ሚሊ 108 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው። ስለሚሟሟ አይዘቅጥም፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ማንኪያ እኩል ነው። ጨቅላ ሕፃን በሐኪም ትእዛዝ ካልሲየም ሲያስፈልገው እንዲህ ያለው ይመቻል። ቫይታሚን ዲ ግን የለበትም፤ ይህን ሳያስተውሉ ለሪኬትስ፣ በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የልጅ አጥንት ለሚለሰልስበት በሽታ፣ እሱን ብቻ መስጠት ግማሽ ሕክምና ነው።

ሲትሬት። እንደ ካርቦኔት ሆድ አያደርቅም፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሠራል። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ ልጅና ሆዱ ለሚደርቅ ልጅ የተሻለው እሱ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡት የልጆች ፈሳሾች ብዙውን ጊዜ ከማግኒዥየም ጋር የተቀየጡ ናቸውና የማግኒዥየሙንም ቁጥር እዩ። ከምግብ ውጭ በተጨማሪ የሚሰጥ ማግኒዥየም ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ65፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለው ከ110 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ካለፈ መጀመሪያ የሚታየው ተቅማጥ ነው።

ጋሚ። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ከሻንጣ የሚወጣው፣ እንደ ለስላሳ ከረሜላ የሚታኘከው ይህ ነው። ልጅ ይወደዋል፣ ጉዱም እዚያ ላይ ነው። ከረሜላ መስሎት ጠርሙሱን ከፍቶ ይጨርሰዋል፤ ካልሲየሙ ብዙ ባይጎዳው እንኳ ቫይታሚን ዲውና ሌላው ቅይጥ ይደመራል። ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ በሙቀት ይቀልጣል፤ ቀልጦ አንድ ድቡልቡል ከሆነ ደግሞ መጠኑ አይታወቅም። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ የመታነቅ አደጋም አለው። ብዙው በጄላቲን የሚሠራ ስለሆነ ጄላቲኑ ከአሳማ ይሁን ከከብት መግለጫው ላይ ካልተጻፈ ማወቅ አይቻልም፤ ይህ ለሚገዳቸው ቤተሰቦች ከፍራፍሬ በሚወጣው በፔክቲን የተሠራውን መፈለግ ይቀላል። ለትንሽ ልጅ ጋሚን የመጨረሻ ምርጫ እናደርገዋለን።

ውኃ ውስጥ የሚፈላው ትልቁ ክኒን የአዋቂ ነው። 500 ወይም 1000 ሚሊግራም ይዞ፣ በላዩ ብዙ ሶዲየም ይጨምራል። ቆርሶ ለሕፃን መስጠት አይገባም።

ከአጥንት ዱቄት፣ ዶሎማይት ከሚባለው ድንጋይና ከባሕር ዛጎል ቅርፊት የተሠሩ «ተፈጥሯዊ» ካልሲየሞች ሌላ ጣጣ አላቸው። እነዚህ ነገሮች እርሳስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፣ የልጅ አእምሮ ደግሞ ከትንሽ እርሳስም ይጎዳል። ሦስተኛ ወገን ያልመረመረውን አትግዙ። ከአሜሪካ ለምትልኩ፣ የመድኃኒት ጥራት ደረጃ የሚያወጣውን የአሜሪካ ድርጅት፣ የዩኤስፒን (USP) ማረጋገጫ ማኅተም ያለበትን ፈልጉ። አገር ውስጥ የምትገዙ፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበውን፣ ከሕጋዊ መድኃኒት ቤት፣ ከደረሰኝ ጋር።

የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ መስጠትም ይነሣል። ኬሚስትሪው ትክክል ነው፤ ቅርፊቱ አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ነገር ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ሞልቶ ሲሰጥ ወደ 2000 ሚሊግራም ሊጠጋ ይችላል፣ ይህም ለትንሽ ልጅ የቀኑ ጠቅላላ ጣሪያ አካባቢ ነው። በደንብ ያልተቀቀለ ቅርፊት ሳልሞኔላ ያመጣል፤ በደንብ ያልደቀቀውም ጉሮሮ ይቧጥጣል።

ስንት ይጎድለዋል?

የአሜሪካ መመዘኛ በቀን ከ1 እስከ 3 ዓመት 700፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት 1000 ሚሊግራም ይላል። የአውሮፓው ዝቅ ይላል፦ ከ1 እስከ 3 ዓመት 450፣ ከ4 እስከ 10 ዓመት 800። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሪኬትስ መመሪያ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ በቀን ከ300 በታች እጥረት፣ ከ500 በላይ በቂ ነው ብሎ መስመሩን አስምሯል። ወላጅ እነዚህን ሁሉ ማስታወስ አይጠበቅበትም፤ 500ን ይያዝ። ልጁ ከምግብ 500 የሚያገኝ ከሆነ ጠርሙሱ አጣዳፊ አይደለም።

ሂሳቡን አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ላይ እንሥራው። አንድ ብርጭቆ፣ 200 ሚሊ ወተት 240 ሚሊግራም ይሰጣል። ደረቅ ጤፍ በ100 ግራም 180 ገደማ አለው፤ እንጀራ ሲሆን ውኃ ስለሚገባበት በ100 ግራም እንጀራ 60 ወይም 70 ቢገመት ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበሰለ ጎመን 70 ገደማ ይጨምራል። ድምሩ ወደ 375 ነው። የሚጎድለው 125 ያህል ሲሆን፣ ይህን ሌላ ግማሽ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ይሞላዋል። አንድ ግማሽ ሊትር የላስቲክ ወተት ብቻውን 600 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ ውኃ ያልተጨመረበት ከሆነ። የወተት ዱቄትም ይሠራል፤ 25 ግራሙን በብርጭቆ ውኃ መበጥበጥ 230 ያህል ይሰጣል።

አንዳንድ ምግቦች እንደ ስማቸው አይደሉም። አይብ ወተት ነው ብላችሁ ከወተት እኩል አትቁጠሩት፤ በአሲድ ስለሚረጋ ካልሲየሙ በብዛት ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። አጓቱን ለልጁ በሾርባ ውስጥ መጨመር ብልህነት ነው። ቆስጣም እንደ ጎመን አይደለም፤ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ አይለቅም። ጎመን ግን ኦክሳሌቱ ጥቂት ስለሆነ ካልሲየሙ ይገባል። እንጀራም በመቡካቱ ይጠቀማል፤ ቡኮው ካልሲየም የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል።

በጾም ወራት ወተት ከቤት ይጠፋል። ትንንሽ ልጆች አይጾሙም፣ ነገር ግን ለአንድ ልጅ ብሎ በየቀኑ ወተት የሚገዛ ቤት ብዙ አይደለም። የ55ቱን ቀን የዐቢይ ጾም ብቻ ማሰብ በቂ ነው፤ የ240 ሚሊግራሙ የወተት ድርሻ ሲቀነስ ያ የሦስት ዓመት ልጅ ከ300 በታች ይወርዳል። የሽሮፕ ጠርሙስ በእውነት የሚጠቅምበት ወቅት ይህ ነው፣ በቀን 250 ሚሊግራም የወተቱን ድርሻ ይተካል። የአኩሪ አተር ወተት የምትገዙ፣ ካልሲየም እንደተጨመረበት አረጋግጡ፤ የተጨመረውም ከታች ስለሚዘቅጥ ከመቅዳታችሁ በፊት በደንብ ነቅንቁት።

በሌላ በኩል ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ለሚጠጣ ልጅ ካልሲየም መጨመር ጉዳት ነው። ወተቱ ሆዱን ሞልቶ ሌላ ምግብ ያስተወዋል፣ የብረት እጥረት ያመጣበታል፤ ካልሲየሙ ደግሞ ያለውንም ብረት እንዳይገባ ይከለክለዋል። ከስድስት ወር በታች ላለና ጡት ብቻ ለሚጠባ ሕፃንም ካልሲየም አያስፈልገውም፤ የእናቱ ወተት የሚበቃውን ይሰጠዋል። እሱ የሚያስፈልገው በቀን 400 አይዩ ቫይታሚን ዲ ነው።

ካልሲየም ሲገዛ የጎደለው ሌላ ነገር ሲሆን

አፈር የሚበላ፣ ግድግዳ የሚልስ፣ ጠመኔ የሚያኝክ ልጅ ሲታይ «ካልሲየም አንሶት ነው» ይባላል። ይህ ጠባይ ከብረት እጥረትና ከደም ማነስ ጋር ነው በብዛት የሚያያዘው፤ አፈሩ ደግሞ የሆድ ትላትል ያመጣል። ወላጅ ካልሲየም ይገዛል፣ ልጁ ይወስዳል፣ ብረት ይበልጥ እንዳይገባ ይሆናል፣ አፈሩም አይቀርም። እንዲህ ላለ ልጅ በቅድሚያ የሚያስፈልገው የደምና የሰገራ ምርመራ ነው።

ጥርስ መዘግየትም እንዲሁ። አንዳንድ ጤነኛ ልጅ የመጀመሪያ ጥርሱን የሚያወጣው ዓመት ሲሞላው ነው። እግሩ ከሁለት ዓመት በፊት ትንሽ መጉበጡም የተለመደ ነው።

ሪኬትስ የሚያስጠረጥሩት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፦ የእጅ አንጓው መስፋት፣ የጎድን አጥንት ጫፎች እንደ መቁጠሪያ መታየት፣ የራስ ቅል ልፋት፣ መቀመጥና መራመድ መዘግየት፣ መራመድ ከጀመረ በኋላ እየባሰ የሚሄድ የእግር መጉበጥ፣ ተደጋጋሚ የሳንባ ምች። የመጨረሻው ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሪኬትስ ከሳንባ ምች ጋር 13 እጥፍ ያህል እንደሚያያዝ አሳይቷል። በፀሐይ አገር ይህ የሚሆነው ሕፃኑ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ስለሚውል ነው። የመስኮት መስታወትም ቫይታሚን ዲ የሚያሠራውን የፀሐይ ጨረር አያሳልፍም። ካልሲየም ያለ ቫይታሚን ዲ ከአንጀት የሚገባው በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይም ቫይታሚን ዲም የማያገኝን ልጅ በካልሲየም ጠርሙስ ብቻ ማከም ገንዘብ ማባከን ነው።

ሪኬትስ ከተረጋገጠ መጠኑ ሌላ ነው፤ መመሪያው ቢያንስ ለ12 ሳምንት በየቀኑ ከዓመት በታች 2000፣ ከዓመት በላይ ከ3000 እስከ 6000 አይዩ ቫይታሚን ዲና በቀን 500 ሚሊግራም ካልሲየም ይላል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው፣ በጎረቤት ምክር አይጀመርም። ልጁ ትልቅ የቫይታሚን ዲ መርፌ ከተወጋ በላዩ ሌላ ቫይታሚን ዲ አትጨምሩ፤ ካልሲየሙን ግን ሐኪሙ ካዘዘ አትተዉ። መርፌው አጥንቱን ካልሲየም መምጠጥ ያስጀምረዋል፣ ከውጭ ካልመጣ ከደም ውስጥ ይወስዳል። ሕፃን በድንገት ቢንቀጠቀጥ ወይም እጅ እግሩ ቢኮማተር የደም ካልሲየም መውረድ አንዱ ምክንያት ስለሆነ ሽሮፕ ፍለጋ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

አሰጣጡ ላይ የሚበላሸው

ካርቦኔትና ፎስፌት ይዘቅጣሉ። ሳይነቀነቅ ከላይ የተቀዳው ማንኪያ ቀጭን ሆኖ ካልሲየሙ ከታች ይቀራል፤ ስለዚህ ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳያገኝ ቆይቶ በመጨረሻው ሳምንት ከልክ በላይ ይወስዳል። ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ከታች የተጋገረ ነጭ ነገር መነሳቱን እስክታዩ ነቅንቁ። ነቅንቃችሁም ካልተነሳ ያ ጠርሙስ አብቅቷል፣ ውኃ ጨምሮ ማላላት አይሠራም።

የቤት ማንኪያ አይታመንም፤ አንዱ 3 ሚሊ ይይዛል፣ ሌላው 7። ከጠርሙሱ ጋር የመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለውን 5 ሚሊ ሲሪንጅ ተጠቀሙ። ለሕፃን በጉንጩ ጎን በጥቂት በጥቂቱ ይንጠባጠብ፤ ወደ ጉሮሮው በቀጥታ ከተረጨ ያንቀዋል። ሙሉ የወተት ጡጦ ውስጥ መቀላቀልም አይመከርም፤ ልጁ ግማሹን ትቶ ሲተኛ ስንት እንደወሰደ አይታወቅም።

አንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ ቢሰጥ አንጀት የሚያሳልፈው ድርሻ ይቀንሳል። ከፍ ያለ መጠን ከታዘዘ ለሁለት ይከፈል፣ ጠዋት ከቁርስና ማታ ከእራት ጋር።

ብረት የሚወስድ ልጅ ካልሲየሙን ቢያንስ በሁለት ሰዓት ያራርቅ። ቀላሉ መንገድ ብረቱን ጠዋት፣ ካልሲየሙን ማታ ማድረግ ነው። ሻይ በዳቦ የሚሰጣቸው ልጆች ላይ ሻዩም ብረቱን ስለሚይዝ ጠዋት ከብረት ጋር አይሁን። የታይሮይድ መድኃኒት ከሆነ አራት ሰዓት ይራቅ። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ አንቲባዮቲኮችም ከካልሲየም ጋር ተያይዘው ሳይሠሩ ይወጣሉ። ዶሉቴግራቪር ያለበት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ ይህ በጣም ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ ከካልሲየሙ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይሰጥ፣ ካልሆነ ሁለቱም አብረው ከምግብ ጋር። ለሚጥል በሽታ ፊኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን የሚወስድ ልጅ ደግሞ ቫይታሚን ዲው ቶሎ ስለሚያልቅበት ስለ መጠኑ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት።

ቫይታሚን ዲ ላይ ሳይታወቅ የሚደራረብ ነገር አለ። ካልሲየም ሽሮፑ፣ መልቲቫይታሚኑና ጠብታው ሦስቱም ቫይታሚን ዲ ይኖርባቸዋል፤ ድምሩን ጻፉ። ጣሪያው ከ1 እስከ 3 ዓመት 2500፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት 3000 አይዩ ነው፣ ከዓመት በታች ግን ከ1000 እስከ 1500 ብቻ። ጠብታዎቹ ራሳቸው የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ በአንድ ሚሊ 400 አይዩ፣ ሌላው በአንድ ጠብታ 400 አይዩ ይሰጣል። አንዱን የለመደች እናት ሌላውን በሙሉ ጠብታ ማንሻ ስትሰጥ መጠኑ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ስሕተት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ማስታወክ፣ ውኃ ጥማት፣ ብዙ መሽናትና ሆድ ድርቀት አብረው ከመጡ ሁሉንም አቁማችሁ የደም ካልሲየሙን አስለኩ።

የምግብ ፍላጎት መክፈቻ ተብሎ ከካልሲየም ጋር የሚሸጥ ሽሮፕ ውስጥ ሳይፕሮሄፕታዲን የሚል ስም ካያችሁ፣ እሱ ለአለርጂ የተሠራ እንቅልፍ የሚያስይዝ መድኃኒት ነው። ቫይታሚን አይደለምና ካልሲየም ልትገዙ ሄዳችሁ አብራችሁ አትቀበሉት። የኩላሊት ችግር ያለበት ልጅም የትኛውንም ካልሲየም ያለ ሐኪሙ አይጀምር።

ስትገዙ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡ። 3/2027 የሚል ጠርሙስ እስከዚያው ወር መጨረሻ፣ ማለትም በእኛ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2019 ይሠራል። ቁጥሩን በእኛ ዓመት ወስዶ «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብሎ ያስቀመጠው ወላጅ ጥቂት አይደለም። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ከተደረደረው አትውሰዱ፤ ከኋላ ካለው ይሰጣችሁ። የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ ጻፉና መግለጫው ከተከፈተ በኋላ ያለውን ጊዜ ስንት እንደሚል ተመልከቱ፤ ጠርሙሱ በስሌት ከሚሄድበት ቀን ቀድሞ ካለቀ ደግሞ የሰጣችሁት ማንኪያ ከ5 ሚሊ ይበልጥ እንደነበር ያሳያል።